የዝሆኔ እግርና የስቴም ሴል ወሬ፦ ላሟን ከመሸጣችሁ በፊት

 

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ነው። ወላጆቹ ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ገጠር ውስጥ ናቸው። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ የእናቴ እግር ካበጠ ብዙ ዓመቱ ነው። በስቴም ሴል ይድናል የሚል ቪዲዮ አየሁ። ተረዳድተን ውጭ ብንወስዳትስ?»

ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ እዚሁ ብጽፈው ለሁሉም ይደርሳል።

አጭሩ መልስ፦ ላም አትሽጡ፣ አትበደሩ። ዛሬ ባለንበት ጊዜ የሊምፍ እብጠትን እንደሚያድን የተረጋገጠ የስቴም ሴል ሕክምና የለም። በሌላ በኩል የእናታችሁን እግር ሊያሻሽል እንደሚችል በጥናት የታየ ሕክምና አለ፤ ብዙው ዕቃ ንፋስ መውጫ ሱቅ ውስጥ ይገኛል። የሚያሳዝነው ስለ መጀመሪያው ሁላችንም ሰምተናል፣ ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ ሕመምተኛ የነገረው ሰው የለም።

ረዘም ያለውን መልስ ለምትፈልጉ ቀጥሉ።

እግሩ ለምን ያብጣል?

የደም ሥሮቻችን ለሥጋችን ውሃና ምግብ ያደርሳሉ። የተረፈውን ውሃ ሰብስቦ ወደ ደም የሚመልስ ሌላ የቧንቧ መረብ ደግሞ አለ፤ ሊምፍ ይባላል። የጋይንት ገበሬ ይህን ለመረዳት ሐኪም አያስፈልገውም። ማሳው ላይ በክረምት ፈሰስ ያወጣል። ፈሰሱ በደለል ከተደፈነ ውሃው ማሳው ላይ ይተኛል፣ ሰብሉም ይበሰብሳል። የሊምፍ ቧንቧ ሲዘጋም እንደዚያው ነው። ውሃው እግር ላይ ይተኛል፣ እግር ያብጣል፣ እየቆየ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይሻክራል፣ ጉጥ ጉጥ ያወጣል።

ፈሰሱን የሚደፍነው ነገር ብዙ ነው። በቆላ አካባቢ በትንኝ የሚተላለፍ ትል አለ። ለካንሰር ሲባል የብብት ወይም የብሽሽት ንፍፊት በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ላይም ይመጣል። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ግን ዋናው ምክንያት ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳ ውስጥ ያልፋል። ሰውነት ቅንጣቱን ሲዋጋ የሊምፍ ቧንቧው ይቆጣል፣ ይጠባል፣ ይዘጋል። በሽታውን በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ ያጠናውና ስሙን ያወጣለት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነበር።

በአገር አቀፍ ደረጃ በ1,315 አካባቢዎች በተደረገ የካርታ ጥናት ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 100 ሰዎች ወደ 4 የሚሆኑት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በአማራ ክልልም ቁጥሩ ከዚሁ ብዙ አልራቀም፤ 3.9 በመቶ ነው። በጠቅላላው በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚኖር ይገመታል። በሽታው የሚበዛው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር ባለው፣ ዝናብ በሚበዛበት ምድር ላይ ነው። ንፋስ መውጫ ከተማ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ ነገር ግን ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ሲወረድ ብዙው የእርሻ መሬት በዚሁ ከፍታ ውስጥ ነው። የጉና ተራራ ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ መሆኑንም አትርሱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዝሆኔ የእግዜር ቁጣ አይደለም፣ ጠላት ያስቀበረውን መርገጥም አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ የታመመውን እግር ማጠብ ለማንም በሽታ አያመጣም።

«በዘር ይመጣል» የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በወላይታ ሕመምተኞች ላይ የተሠራ ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለአፈሩ የበለጠ ተጋላጭ መሆኑን አሳይቷል። ይሄ ማለት ግን ዘሩ የተረገመ ነው ማለት አይደለም። ያው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ አፈሩ አያገኘውም። ስለዚህ «ከዝሆኔ ቤት ልጅ አላጋባም» የሚል ቤተሰብ እባካችሁ ከልጅቷ ዘር በፊት ጫማዋን ይጠይቅ።

ስቴም ሴል ምን ተስፋ ሰጠ? ምንስ ተገኘ?

ስቴም ሴል ወይም ግንደ ሕዋስ ራሱን የሚያባዛና ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። ተረት አይደለም፤ የደም ካንሰር ላለባቸው ሰዎች የሚደረገው የመቅኔ ንቅለ ተከላ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ የስቴም ሴል ሕክምና ነው። ለሊምፍ እብጠት የታሰበው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ከታካሚው ከራሱ ሆድ ወይም ጭን ስብ ይመጠጣል፣ ከስቡ ውስጥ ግንደ ሕዋሶቹ ይለያሉ፣ ከዚያ ፈሰሱ የተዘጋበት ቦታ ላይ በመርፌ ይሰጣሉ። ሕዋሶቹ አዲስ የሊምፍ ቧንቧ እንዲበቅል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፣ የጠነከረውንም ጠባሳ ያለሰልሳሉ ተብሎ ተስፋ ተደርጓል። በአይጦች ላይ ውጤቱ ጥሩ ነበር።

በሰው ላይስ? በዚህ ረገድ ዓይን ከፋች የሆነው የዴንማርክ ሐኪሞች ሥራ ነው። መጀመሪያ በጡት ካንሰር ሕክምና ምክንያት እጃቸው ያበጠባቸውን 10 ሴቶች በዚህ መንገድ አከሙ፤ ለ4 ዓመትም ተከታተሏቸው። ሴቶቹ እጃችን ቀለለን፣ ውጥረቱም ረገበልን አሉ። ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ሐኪሞቹ ግን አላቆሙም። ቀጥለው 80 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን እውነተኛውን ሕዋስ፣ ሌላው ባዶ መርፌ ተሰጠው። ማን ምን እንደተሰጠው ታካሚውም አያውቅም፣ ውጤቱን የሚለካው ሐኪምም አያውቅም። በመጨረሻ ምን ተገኘ? ሕዋሱ ከባዶው መርፌ የተሻለ ጥቅም አልሰጠም። ተመራማሪዎቹም ይህንኑ በግልጽ አሳተሙ።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ ብዬ አይደለም። «እገሌ ታክሞ ተሻለው» የሚለው ምስክርነት ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ስለሌለኝ ነው። ሰው ሲታከም፣ ሐኪም ሲከታተለው፣ ተስፋ ሲያገኝ ይቀለዋል። መቅለሉ ውሸት አይደለም፤ ግን ከመድኃኒቱ መምጣቱን የምናውቀው አነጻጽረን ስናይ ብቻ ነው። ምርምሩ በተለያዩ አገሮች እንደቀጠለ ነው፤ ነገ የተሻለ ነገር ሊገኝ ይችላል። ቢገኝ ቀድሜ የምጽፍላችሁ እኔ ነኝ።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት በጡት ካንሰር ምክንያት ባበጠ እጅ ላይ ነው። የስማዳ ገበሬ እግር ሌላ ነው። ለ20 ዓመት አፈር የገባበት፣ ቆዳው የጠነከረ፣ በየጊዜው የሚቆስል እግር ነው። ሕዋሱ ቢሠራ እንኳ ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ በባዶ እግሩ ወደዚያው ማሳ ከተመለሰ ፈሰሱ እንደገና ይደፈናል።

ስለሚሸጡት ሰዎች

በተለያዩ አገሮች ስቴም ሴል ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው እያሉ የሚሸጡ ክሊኒኮች አሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሊምፍ እብጠት ያጸደቀው አንድም የስቴም ሴል ሕክምና የለም። አደጋውም ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የሕክምና ዘገባ እንደተገለጸው፣ በፍሎሪዳ አንድ ክሊኒክ ውስጥ 3 ሴቶች ከራሳቸው ስብ የተወሰደ ሕዋስ ዓይናቸው ውስጥ ተወግተው የማየት ችሎታቸውን ክፉኛ አጥተዋል። ለዚያውም እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው!

አንድ ሰው ስቴም ሴል ላድርግላችሁ ካላችሁ እነዚህን 3 ጥያቄዎች ጠይቁት፦

1. «ይህ ሕክምና ለዚህ በሽታ በየትኛው መንግሥታዊ ተቋም ጸድቋል?» ምርምር ነው ካላችሁ ታዲያ ለምን ያስከፍላል? በትክክለኛ ምርምር ላይ የሚሳተፍ ሰው ለሚሞከርበት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አይከፍልም።

2. «ካልታከሙት ጋር ተነጻጽሮ የታተመ ውጤት አለ?» የፊትና የኋላ ፎቶ ውጤት አይደለም። እግር ለአንድ ሳምንት ከፍ ብሎ ቢሰቀልም ፎቶው ያምራል።

3. «አገሬ ከገባሁ በኋላ ቢያመረቅዝ ማን ያየኛል?» ለዚህ መልስ ከሌለው ተነሱና ውጡ።

የሚሠራውስ የትኛው ነው?

ከስማዳ ዓባይን ሲሻገሩ ምሥራቅ ጎጃም ነው። እዚያ በ696 የዝሆኔ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት አለ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው ታዋቂ መጽሔት ታትሟል። የተሰጠው ሕክምና ምን መሰላችሁ? እግር መታጠብ፣ ቆዳ መንከባከብ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ። በቃ! ሕክምናውን ገና ያላገኙት በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ ያህል የእግር ግለት ሲነሳባቸው፣ ያገኙት ወደ 19 ጊዜ ወርዶላቸዋል።

«5 ጊዜ ብቻ?» የሚል አይጠፋም። ግለቱ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይልም። እግር ይቀላል፣ ይግላል፣ ሰውየው ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ለቀናት ከመደብ አይነሳም። አንዳንዱ ምች መታኝ ይላል። በወላይታ የተሠራ የቆየ ጥናት የዝሆኔ ሕመምተኛ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ አሳይቷል። በእርሻ ወይም በአጨዳ ወቅት አንድ ግለት ቀረ ማለት ለአንድ ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ለጋይንት ሰው አልነግርም።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ይህ ነው፦

1. መታጠብ፦ በየቀኑ፣ በሳፋ፣ በንጹሕ ውሃና በሳሙና። በጣቶች መሃልና በቆዳው እጥፋት ውስጥ ሁሉ። በድንጋይ መፈተግ ክልክል ነው።

2. መንከር፦ በጣም በቀጠነ የበረኪና ውሃ ውስጥ እግርን ለተወሰነ ደቂቃ ማቆየት ጀርምና ሽታን ይቀንሳል። መጠኑን ግን የጤና ባለሙያ ያሳያችሁ፤ የበዛ በረኪና ቆዳ ያቃጥላል።

3. ማድረቅ፦ በንጹሕ ጨርቅ፣ ቀስ ብሎ። የጣቶች መሃል እርጥብ ሆኖ እንዳይቀር። እዚያ ከተላላጠ ፈንገስ ስለሆነ ለብቻው ቅባት አለው፤ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

4. ቫዝሊን መቀባት፦ የደረቀ ቆዳ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የጀርም በር ነው።

5. ከፍ ማድረግና ማንቀሳቀስ፦ ሲቀመጡ እግርን በርጩማ ላይ ማሳረፍ፣ ሲተኙ የአልጋውን ግርጌ ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዞር።

6. ፋሻ፦ ይጠቅማል፤ ነገር ግን አጠቃቀሙን ሳይማሩ አይጠቅልሉ። በግለት ጊዜ በፋሻ አይጠብቁ።

7. ካልሲና የተዘጋ ጫማ፦ ሁልጊዜ።

ግለቱ ሲነሳ እረፍት፣ እግርን ከፍ ማድረግ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ ብዙ ፈሳሽ፤ ከዚያም ጤና ጣቢያ። ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል። ማስበጣት፣ ዋግምት፣ በእሳት መተኮስ ፈጽሞ አይደረግ። የተዘጋ ፈሰስ ባለበት እግር ላይ አዲስ ቁስል መክፈት ማለት ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ይህ እንክብካቤ የቆየውን ዝሆኔ እግር እንደ ልጅነቱ አያደርገውም። እብጠቱን ይቀንሳል፣ ሽታውን ያጠፋል፣ ግለቱን ያራርቃል፣ ሰውየውን ወደ ሥራውና ወደ ማኅበሩ ይመልሳል። ገና በጀመረው እግር ላይ ግን፣ ማታ አብጦ ጠዋት በሚጎድልበት ጊዜ፣ ጨርሶ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቶሎ!

ደግሞ ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ አይደለም። አንድ እግር በድንገት አብጦ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ማጠር ካለ ልብ፣ ፊትም አብሮ ካበጠ ኩላሊት ሊሆን ይችላል። በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስ ወይም በደብረ ታቦር ሆስፒታል መጀመሪያ ይመርመሩ።

ስለ ጫማና ስለ ጸበል

በረባሶ ከእሾህ ያድናል፣ ከአፈር ግን አያድንም። ኮንጎ ጫማ ከባዶ እግር በጣም ይሻላል፤ እግር ስለሚያልብ ግን ማታ ማታ ጫማውንም እግሩንም ማጠብና ማድረቅ ያስፈልጋል። ጫማን ለገበያና ለበዓል ብቻ አስቀምጦ ማሳ በባዶ እግር መውረድ ትርጉም የለውም። አፈሩ ያለው ማሳው ላይ ነው!

ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን። ሥርዓት ነው፣ አይነካም። ስትመለሱ ግን እግራችሁን ታጠቡ። ጸበል የሚሄዱ ወላጆቻችንንም «ተዉ» አልላቸውም። እምነታቸውን ይዘው፣ ሳሙናውንና ጫማውንም አብረው ይያዙ ነው የምለው። ሁለቱ አይጣሉም።

«ለሀብታም ስቴም ሴል፣ ለድሃ ሳሙና?»

ይህን የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሴ ይሄ ነው፦ ሳሙናው የድሃ መድኃኒት አይደለም። ለንደን ወይም ኮፐንሃገን ያለች የሊምፍ እብጠት ታካሚም በመጀመሪያ የምትታዘዘው ቆዳዋን እንድትንከባከብ፣ እንድትንቀሳቀስና እጅዋን ወይም እግሯን በሚጠብቅ ልብስ እንድትይዝ ነው። ልዩነቱ እሷ ነርስ አላት፣ የቧንቧ ውሃ አላት፣ ልኳን የጠበቀ መጠቅለያ አላት። የእኛ እናት ውሃውን በጀርባዋ ከምንጭ ትቀዳለች፣ ያበጠ እግሯን የሚያስገባ ጫማ ሱቅ ውስጥ አታገኝም። ፍትሕ የጎደለው እዚህ ላይ ነው።

ታሪክም ይመሰክራል። ይህ በሽታ በአንድ ወቅት በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ፣ በአውሮፓም በስኮትላንድና በአየርላንድ ይታይ ነበር። ዛሬ ከዚያ ጠፍቷል። የጠፋው ሕዝቡ ጫማ ስላደረገ ነው፤ ስቴም ሴል በዚያን ጊዜ አልታሰበም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦

ለጤና ቢሮዎች፦ ፖዶኮኒዮሲስ በአገር አቀፉ ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ በሽታዎች ዕቅድ ውስጥ ከገባ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ በረኪናና ፋሻ እንደ ወባ መድኃኒት ሁሉ በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ በቋሚነት ይኑሩ። በፕሮጀክት መጥተው በፕሮጀክት አይሂዱ።

ለትምህርት ቤቶች፦ አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ እግሩ ይታይ። ደብተር የሚሰጥ ድርጅት ጫማም ይጨምር።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወጥታችሁ በየአገሩ ላላችሁ ልጆች፦ ለአንድ ሰው የማይታወቅ ሕክምና ልታዋጡ ያሰባችሁት ገንዘብ የአንድ ቀበሌን ሕመምተኞች ሊያጫማ ይችላል። ላበጠ እግር በልኩ የሚሰፋ ጫማ ያስፈልጋል። በወላይታ የሞሲ ፉት ፕሮጀክት ሕመምተኞችን ራሳቸውን ጫማ ሰፊ አድርጓቸዋል። ለእኛስ ቆዳው አለ፣ ባለሙያው አለ፤ የጎደለው አሰባሳቢ ነው።

ለተመራማሪዎች ደግሞ፦ ነገ የተሻለ የሊምፍ ሕክምና ሲሞከር የእኛ ሕመምተኞችም ይታሰቡ። በጥንቃቄ፣ በፈቃዳቸው፣ ሳይከፍሉ። ውጤቱ የሚጠቅመውም መጨረሻ ላይ የሚደርሰውም ለእነሱ ይሁን።

ለልጆቻቸው የቤት ሥራ እሰጣለሁ። ዛሬ ማታ ደውላችሁ «እማ፣ እግርሽን ማን ያጥብልሻል? ጫማሽ ይገባልሻል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አቅራቢያቸው ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ስልክ ያዙ። ስትሄዱም ሳፋ፣ ሳሙና፣ ቫዝሊንና ሰፊ ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ቀን እናንተው እጠቡላቸው። ለዓመታት እግራቸውን በቀሚስ ወይም በጋቢ ሸፍነው የኖሩ ሰዎች ናቸውና፣ ልጃቸው ሳይጸየፍ ሲነካቸው ምን እንደሚሰማቸው አስቡት።

ጥያቄ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ። የሕመምተኛ ፎቶ ግን ያለ ፈቃዳቸው አትለጥፉ።

ይህን ጽሑፍ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ሼር አድርጉላቸው።